የጋሼ ላፕቶፕ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

 

ዛሬ ስለ ኮምፒውተር እናወራለን። የማወራችሁ ሱቅ ውስጥ ስላለው አዲስ ዕቃ አይደለም፤ ቁም ሳጥን ላይ ጨርቅ ለብሶ ስለተቀመጠው፣ «አርጅቷል» ተብሎ ስለተተወው አሮጌ ዕቃ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ መምህር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ባለፈው ሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ልጠይቀው ወረድሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ደርቤ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ፣ ደብረ ሲና ላይ ጃኬቱን አውልቄ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ውጤት በእስክሪብቶ እየደመረ ነበር።

«ላፕቶፑስ?» አልኩት።

«እሱማ አርጅቷል። ከፍቼው ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና ክቡን እያዞረ ይጠብቀኛል። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁት፤ ሳምንት ደህና ይሆንና ይመለሳል።»

ላፕቶፑን አወጣሁና አገላብጬ አየሁት። አሥር ዓመት አልፎታል። ራሙ 4 ጊጋባይት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ባለ ሁለት ኮር ነው። ማስታወሻ ለሚጽፍ፣ የውጤት ሰንጠረዥ ለሚሠራ፣ ማታ ማታ ዜና ለሚያነብ መምህር ከበቂ በላይ ነው። ዕቃው አልተበላሸም። የተጫነበት ዊንዶውስ ግን ክራክ የተደረገ ነው፣ ጸረ ቫይረሱ ጠፍቷል፣ ፍላሽ በተሰካበት ቁጥር ፋይሉ ሁሉ ወደ ሾርትከት ይቀየራል።

ስለዚህ ክራክ ስለሚባለው ነገር ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። በየከተማችን የተለመደ ስለሆነ ነውርነቱም አደጋውም አይታየንም። ክራክ ማለት የተሰበረ ቁልፍ ነው። ቁልፉን የሰበረውን ሰው አናውቀውም፤ ከሰበረ በኋላ በሩ ላይ ምን እንዳስቀመጠም አናውቅም። ፕሮግራሙ ሲጫን መጀመሪያ የሚያዘን «ጸረ ቫይረሳችሁን አጥፉ» ብሎ ነው። እኛም እናጠፋለን! ዘበኛውን አሰናብተን በሩን ከፍተን እንተኛለን። በሕግም ቢሆን ትክክል አይደለም፤ የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው የፈጠራ ሥራዎች አንዱ አድርጎታል።

እኔም ራሴ ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማሳተም ፍላሼን ለአንድ ጽሕፈት ቤት ሰጥቼ ስቀበል፣ ሁለት ምዕራፍ ወደ ሾርትከት ተቀይሮ አገኘሁት። ጠፋ ብዬ ፍላሹን ፎርማት አደረግሁት። ፋይሉ ግን አልጠፋም ነበር፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው እንጂ። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሁለቱን ምዕራፎች እንደገና ስጽፍ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ዛሬም አይረሱኝም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ አቁሟል። ያም ማለት አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ይመጣ የነበረው መድፈኛ በተለመደው መንገድ አይመጣም። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳንሻገር ደግሞ፣ እሱ የሚቀበለው በጥቅሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ወዲህ የወጡ ፕሮሰሰሮችንና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ያላቸውን ኮምፒውተሮች ነው። የጋሼ ላፕቶፕ ከዚያ በር አይገባም። በየቤታችሁ፣ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ ካሉት ኮምፒውተሮችም ብዙዎቹ አይገቡም።

ለእነዚህ ነው ዛሬ ሊኑክስን ይዤላችሁ የመጣሁት።

(አጭር ሙዚቃ)

ታሪኩን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ልንገራችሁ፤ እንዲህ ሲነገር ይቀርበናል። መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ እዚህ ደመራ በሚደመርበት ዕለት፣ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራም ጸሐፊ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለው፣ ለሌላ ሊሰጠው የሚችል ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልሠራ ነው ብሎ አወጀ። ቁጭቱ የጀመረው በፕሪንተር ነው። በሚሠራበት ቤተ ሙከራ የነበረው ፕሪንተር ወረቀት እየያዘ ያስቸግር ነበር፤ ለማስተካከል የፕሮግራሙን ጽሑፍ ቢጠይቅ ተከለከለ። ዕቃው እጃቸው ላይ ነው፣ ማስተካከል የሚችል ባለሙያ አለ፣ ግን አይፈቀድም። ሰውየውን ያስቆጣው ይህ ነው፤ ቁጣው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስቶልማንና ባልደረቦቹ ብዙውን ሠርተው አንድ ዋና ነገር ሳይጨርሱ ቆዩ። ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ደረሰ። 1983 ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው፤ ግንቦት 20 ካለፈ ገና ሦስት ወር ነው። በዚያ ክረምት ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ፊንላንዳዊ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው፣ ግን ለመዝናኛ ያህል ነው፣ ትልቅ አይሆንም ብሎ ለሙያ ጓደኞቹ ጻፈ። የጎደለው ነገር እሱ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ፈጣን ተብለው በደረጃ የተመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክም ከሥሩ ሊኑክስ ነው። ስለዚህ «ሊኑክስ ይከብደኛል» የምትሉ፣ ሳታውቁት ዓመታት ተጠቅማችሁበታል።

ያ ጎድሎ የነበረው ነገር ከርነል ይባላል። ከርነል ምን እንደሆነ ለሮቢ ወንዝ ገበሬ ማስረዳት ለከተሜ ከማስረዳት ይቀላል። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በዋናው ቦይ ይመጣል። ውሃው አንድ ነው፤ ማሳው ብዙ ነው። ሽንኩርት ያለው፣ ማሾ ያለው፣ ማንጎ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦዩን ልክፈት ቢል ማንም በደንብ አያጠጣም፤ ጠብም ይነሳል። ስለዚህ የውሃ አባት አለ። ተራ ይሰጣል፤ የእከሌ ሰዓት አለቀ፣ የእከሊት ደረሰ ይላል፤ የጎረቤቱን ቦይ የሰበረውን ይቀጣል።

በኮምፒውተር ውስጥ ውሃው ፕሮሰሰሩና ራሙ ነው። ማሳዎቹ ፕሮግራሞቹ ናቸው፤ ጽሑፍ የምትጽፉበት፣ ዘፈን የሚያሰማችሁ፣ ኢንተርኔት የምታዩበት። ከርነል የውሃ አባቱ ነው። በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተራ ያዞራል፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ ይጠብቃል። የሊኑክስ ከርነል ከሌላው የሚለየው ደግሞ ድልድሉ በአደባባይ በመሆኑ ነው። የተራው መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ማንበብ የሚችል ያነባል፤ ስህተት ያገኘ «ይህ ትክክል አይደለም» ይላል፤ ይታረማል።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ውለታ ይውልልናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ፍሪ ሶፍትዌር» ሲሉ ያለ ክፍያ ማለት ይሁን የነፃነት ማለት ይሁን ለማስረዳት ዘወትር ይደክማሉ፤ ቃሉ አንድ ነውና። እኛ አንዲት «በ» እንጨምራለን። «በነፃ» ስንል ገንዘብ አይከፈልበትም ማለታችን ነው፤ «ነፃ ሰው» ስንል ግን ጌታ የለበትም ማለታችን ነው። ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይገኛል፤ ዋናው ቁም ነገሩ ግን ነፃ መሆኑ ነው። ለፈለጋችሁት ሥራ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ውስጡን ታያላችሁ፣ ትለውጡታላችሁ፣ ለጎረቤት ትቀዱለታላችሁ። ከርነሉ የሚመራበት ፈቃድ አንድ ዋና ግዴታ አለበት፤ አሻሽላችሁ ለሌላ ስትሰጡ የሚቀበለው ሰው እናንተ ያገኛችሁትን መብት ያገኝ ዘንድ ጽሑፉንም አብራችሁ ስጡ ይላል። የማሽላ ዘር ከጎረቤት ወስዶ ዘርቶ፣ በዓመቱ ሌላው ሲጠይቀው ከማሳው የመረጠውን ዘለላ የሚሰጥ ገበሬ ይህን ሕግ ያውቀዋል።

አሁን ወደ በረንዳው እንመለስ።

ሊኑክስ አንድ ከርነል ሲሆን በላዩ ላይ የተሠሩት፣ ስርጭት የሚባሉት ሙሉ ሲስተሞች ግን ብዙ ናቸው። ከአፍሪካ የወጣ ሰው ያስጀመረው ኡቡንቱ አለ፤ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሲያወጣ፣ ኢንተርኔት ለሌላቸው ሲዲውን ያለ ክፍያ በፖስታ እስከ መላክ ደርሶ ነበር። አንድ ሰሞን የኡቡንቱ መጫኛ ሲከፈት ከሚመጣው የቋንቋ ዝርዝር በአልፋቤት ተራ ከላይ የሚቆመው አማርኛ ነበር፤ ያንን ሳይ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ለጋሼ ግን የመረጥሁት ሊኑክስ ሚንትን ነው። ሚንት ከኡቡንቱ ላይ የተሠራ ሲሆን ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው መልኩ አይገርመውም፤ ከታች አሞሌ፣ በግራ በኩል ሜኑ፣ በቀኝ በኩል ሰዓት አለው። ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የተባለው ቀለል ያለ ዓይነቱ ደግሞ ለአነስተኛ ራም ይስማማል። 2 ጊጋባይት ራም ዝቅተኛው ነው፤ 4 ጊጋባይት ሲሆን ምቹ ነው። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደኅንነት ማስተካከያ ይደርሰዋል። በጣም ያረጀ፣ 32 ቢት ብቻ የሆነ ኮምፒውተር ያላችሁ ሚንት 22 አይሆናችሁም፤ ዴቢያን 12ን ሞክሩ።

መጫኛው ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ እኔ ዋይፋይ ካለበት አውርጄ በፍላሽ ይዤ ነው የወረድኩት። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው ለከተማው ሁሉ ይበቃል፤ ማካፈሉ ስርቆት አይደለምና። አንድ ነገር ግን አትዝለሉ፦ ፋይሉ ከወረደ በኋላ አሻራውን አስተያዩ። በሚንት ድረ ገጽ ላይ ሻ 256 የሚባል ረጅም ቁጥር አለ፤ የእናንተ ፋይል የሚሰጠው ቁጥር ከዚያ ጋር አንድ ካልሆነ ፋይሉ ወይ ተቆራርጧል ወይ ተነካክቷል፤ ጣሉት። ከዚያ ኢቸር ወይም ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም ፋይሉን 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ታሰፍሩታላችሁ። ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይሠራም። ፍላሹ ላይ የነበረውም ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድማችሁ አውጡት።

«በል እንግዲህ ጫነው» አለኝ ጋሼ፣ ወንበሩን ወደ ጥላው ሳብ አድርጎ።

«መጀመሪያ ግልባጭ» አልኩት።

የዘጠኝ ዓመት ፈተና፣ የልጆቹ ፎቶ፣ የእናታችን የመጨረሻ ዓመት ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ አንድም ቅጂ የለም። ይህን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሊኑክስን የመጫን ሥራ ራሱ ሰላሳ ደቂቃ አይሞላም፤ ግልባጩ ግን ከሰዓት ሙሉውን ወሰደብን፤ መብራትም መሃል ላይ ጠፍቶ መጣ። ምንም አይደለም። ከዛሬው ትምህርት ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ የማይተካ ነገር ያለበትን ኮምፒውተር በሁለት ሌላ ቦታ ሳትገለብጡ ማንም እንዲነካው አትፍቀዱ፤ ወንድማችሁም ቢሆን።

ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍተን፣ ፍላሹን ሰክተን፣ ስናበራው ወዲያው ኤፍ 12ን ደጋገምን። በአንዳንዱ ላፕቶፕ ቁልፉ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ነው። ከምን ልነሳ ብሎ ሲጠይቅ ፍላሹን መረጥን።

ሊኑክስ ሳይጫን፣ ከፍላሹ ላይ ብቻ፣ ተከፍቶ ይሠራል። ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ድምፁን አዳመጥን፤ ካሜራውን፣ ኪቦርዱን፣ ማውዙን ሞከርን። ካልወደዳችሁት አጥፍታችሁ ፍላሹን መንቀል ነው፤ የነበረው እንደነበረ ይጠብቃችኋል። እኛ ግን አንድ እንከን አገኘን፤ ዋይፋዩ አልታየም።

ብዙ ሰው «አልሆነም» ብሎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ሾፌር ፕሮግራማቸውን አምራቾቹ በነፃነት ስላልለቀቁት መጫኛው ላይ አይገኝም። መፍትሔው ስልካችሁ ነው። ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ፣ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ በገመድ ኢንተርኔት ማካፈልን ትከፍታላችሁ። ሊኑክስ ወዲያው ያውቀዋል። ከዚያ ሜኑው ውስጥ ድራይቨር ማናጀር የሚለውን ስትከፍቱ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያቀርብላችኋል። በጥቂት ሜጋባይት ተጠናቀቀ።

ሲጫን ትልቁ ጥያቄ «ዊንዶውሱን ላጥፋው ወይስ ጎን ለጎን ልሁን?» የሚለው ነው። ለጋሼ አጠፋነው፤ ግልባጭ አለን። እናንተ ግን ካልቆረጣችሁ ጎን ለጎን አድርጉት፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃችኋል። ጎን ለጎን የምታደርጉ ዊንዶውሱ ቢትሎከር በሚባለው የተቆለፈ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ፤ መክፈቻ ቁጥሩን ሳትይዙ አትጀምሩ።

ላፕቶፑን የከፈትነው በዚያው ቀን ነው፤ ከኋላ ማለቴ ነው፣ በብሎን መፍቻ። ቆላ ነው፣ አቧራ አለ፣ ሙቀት አለ። ማራገቢያው ላይ የተከማቸው አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ወጣ። በብሩሽ ጠረግነው። ይህ ነገር ለደጋ ሰው ትርፍ ምክር ሊመስል ይችላል፤ ለይፋት ቆላ ሰው ግን እንደ ሶፍትዌሩ ሁሉ ዋና ነው። ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እኛ ደግሞ አርጅቷል እንላለን። አልጋና ጋቢ ላይ አስቀምጣችሁ አትጠቀሙበት፤ አየር የሚያስገባው ከታች ነው። አቅም ካላችሁ ደግሞ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ኤስ.ኤስ.ዲ. አስገቡበት። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ምሽት ላይ ጋሼ ላፕቶፑን አበራና ፊቱን ለመታጠብ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ተከፈተ። ቆሞ አየው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የሁላችሁም ጥያቄ ወደሆነው ልምጣ። አማርኛስ?

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱ ድብቅ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የላቲን ትርምስ ይሆናል። ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ስትከፍቱ የምታዩት ይህንኑ ነው። ሊኑክስ የሚጽፈው በዩኒኮድ ስለሆነ፣ የጻፋችሁት በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ በዊንዶውስም ያው አማርኛ ሆኖ ይነበባል። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት የግዕዝ ፊደላት ነፃ ናቸው፤ ከሶፍትዌር ማናጀሩ ይገኛሉ።

ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የጽሕፈት መሣሪያ ከኤም 17 ኤን ጥቅሉ ጋር ጫኑና ከአማርኛ ሥር ሴራ የሚለውን ምረጡ። ሴራ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የተባሉ ባለሙያዎች የቀረጹት የአጻጻፍ ሥርዓት ነው፤ በድምፅ ትጽፋላችሁ። ሸዋ ለማለት ኤክስ፣ ኢ፣ ደብሊው፣ ኤ። ሮቢት ለማለት አር፣ ኦ፣ ቢ፣ አይ፣ ቲ። ሳድሱ ብቻውን ይጻፋል። ጠ ስትፈልጉ ሺፍት ይዛችሁ ቲ፣ ከዚያ ኢ፤ ጨ ስትፈልጉ ሺፍት ይዛችሁ ሲ፣ ከዚያ ኢ። ጋሼ በሁለተኛው ቀን እጁ ለመደ። ሊብሬ ኦፊስ ደግሞ፣ ለደብዳቤና ለሰንጠረዥ የሚሆነው ፕሮግራም፣ ከሚንት ጋር አብሮ ይመጣል፤ የአማርኛ ገጽታም አለው። ያ በእስክሪብቶ ሲደመር የነበረ ውጤት ካልክ በሚባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ በራሱ ተደመረ፣ ደረጃም ወጣለት።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ፤ ያልነገሩት ያሳፍራልና። ፒችትሪ የሚጠቀም የሂሳብ ባለሙያ፣ በአውቶካድ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ በፎቶሾፕ የሚኖር ፎቶ ቤት ዊንዶውሱን ይያዝ፤ እነዚህ ለሊኑክስ አልተሠሩም። አንዳንድ ፕሪንተሮችም ያስቸግራሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት በፍላሹ ላይ ባለው ሊኑክስ ሞክሩት። በዎርድ የተሠራ ውስብስብ ሰነድ ሊብሬ ኦፊስ ላይ መስመሩ ሊዛነፍ ይችላል፤ ለሌላ ቢሮ ስትልኩ ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጋችሁ ላኩ። ሊኑክስ ቫይረስ ጨርሶ አይነካውም የሚሏችሁንም አትመኑ። የዊንዶውስ የፍላሽ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይነሳም፤ ፍላሹን ለሌላ ስትሰጡ ግን አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት። ያ ሾርትከት ቫይረስ ፋይላችሁን የሚደብቀው «የተደበቀ» የሚል የዊንዶውስ ምልክት ለጥፎበት ነው። ሊኑክስ ያንን ምልክት አያከብርም። ፍላሹን ስትሰኩ ፋይሉ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል፤ አውጥታችሁ ትገለብጡታላችሁ። በየጽሕፈት ቤቱ አንዲት አሮጌ የሊኑክስ ላፕቶፕ ብትኖር ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የፍርድ ቤት ማመልከቻ ይተርፍ ነበር። የእኔም ሁለት ምዕራፎች በተረፉ ነበር።

ጋሼ ይህን ስነግረው ወዲያው ያሰበው ትምህርት ቤቱን ነው። አካባቢያችን ጦርነት ያለፈበት ነው፤ ብዙ ተቋም በ2014 ዓ.ም. የነበረውን አጥቷል፤ ከዚያ በፊት የደረሰውን የአጣዬ ከተማን ቃጠሎም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተረፉት ኮምፒውተሮች፣ በእርዳታ የመጡትም፣ አሮጌዎች ናቸው። ኢንተርኔትም በሌለበት ጊዜ ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በአማርኛም በእንግሊዝኛም በሃርድ ዲስክ ላይ አኑሮ ያስነብባል። ተማሪ ያለ ኔትወርክ ስለ ልብ አሠራር ወይም ስለ ይፋት ሱልጣኔት አንብቦ ይወጣል።

ነገር ግን ዕቃ ብቻውን አያስተምርም፤ ይህንንም በገዛ አገራችን አይተነዋል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ኤክስ.ኦ. የተባሉት ነጭና አረንጓዴ የልጆች ላፕቶፖች በሺዎች ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር፤ እነሱም በሊኑክስ ነበር የሚሠሩት። መምህሩ አስቀድሞ ሳይለምደው ለልጅ የተሰጠ ላፕቶፕ መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለጋሼ ያልኩት «መጀመሪያ የመምህራኑን ክፍል ሁለት ኮምፒውተር፤ የተማሪዎቹን በኋላ» ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሚንት ከታች በስተቀኝ የጋሻ ምስል አለው፤ ነጥብ ሲያሳይ ማስተካከያ መጥቷል ማለት ነው። በየቀኑ መሮጥ የለባችሁም፤ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ስትገዙ በሳምንት አንዴ አድርጉት። ከዚያ በፊት ታይምሺፍት የሚባለውን ክፈቱና የሲስተሙን ምስል አስቀምጡ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደ ትናንት ይመልሳችኋል። ፕሮግራም ስትፈልጉም ከሶፍትዌር ማናጀሩ ውሰዱ፤ ቴሌግራሙም፣ ቪዲዮ ማጫወቻውም እዚያ አለ። በየድረ ገጹ አትዙሩ።

ሸዋ ሮቢትን ለቅቄ ስወጣ ጋሼ መጫኛውን ፍላሽ ጠየቀኝ። «መልሼ እልክልሃለሁ» አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደውዬ ስጠይቀው እጁ ላይ የለም። የሒሳቡ መምህር ወስዶታል፤ እሱ ደግሞ እሑድ ገበያ ሰንበቴ ሲወርድ ጽሕፈት ቤት ለከፈተች የእህቱ ልጅ ሰጥቷታል። እሷ ጋ ከደረሰ በኋላ ለማን እንዳለፈ ጋሼም አያውቅም። «ሌላ ገዝቼ ቀድቼዋለሁ፤ ያንን አትጠብቅ» አለኝ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)